በቅንፍ የቀረ ሳቅ

ታልበርት፣ አላባማ
ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2019

ለወይዘሪት ቨርሊን ክሬንሾ
ቺካጎ

ሰላምታዬ ይድረስሽ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደህና አይደለም፣ እሱ ግን የራሱ ጉዳይ ነው። እናትሽ ዶረቲ እንዴት ናት? ሰላም በይልኝ። የአባቷን ስብከት ሁሉ በእንቅልፍ የምትጨርስ ልጅ ነበረች።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ከታች ስልክ ቁጥርሽን ጽፈሻል፤ አልደውልም። ጆሮዬ ደክሟል፤ ደግሞም በስልክ የተባለ ነገር በማግስቱ አልተባለም ይባላል። የምትፈልጊው ነገር ካለ ጻፊ።

የአያትሽን ንግግር በመድረክ ልጫወተው ብለሽ ለጠየቅሽኝ መልሴ አይሆንም ነው። አያትሽ ቄስ አምብሮዝ ክሬንሾ ያን ንግግር ሲያደርጉ ኒው ገለዓድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቆሜ ሰምቻለሁ። የሃያ ሦስት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። እሳቸው ካረፉ በኋላ፣ ከ1976 ጀምሮ፣ በየዓመቱ ሜይ ላይ ቆሜ ንግግሩን በቃሌ አቀርባለሁ። በቤተ ክርስቲያን፣ በትምህርት ቤት፣ በእስር ቤት፣ አንድ ጊዜም በርሚንግሃም ውስጥ በሁለት ሺህ ሰው ፊት አቅርቤዋለሁ። አርባ ሦስት ዓመት ማለት ነው። ጢም አልለጠፍኩም፣ ሙዚቃ አላስገባሁም። የዛሬ ተመልካች አርባ ደቂቃ ዝም ብሎ መቀመጥ አይችልም ብለሻል። እንግዲያው ችግሩ የተመልካቹ ነው፣ የቄሱ አይደለም። በዚያ ላይ አንቺ ሴት ነሽ፤ እሳቸው ደግሞ ድምፃቸው መስኮት የሚያንቀጠቅጥ ረጅም ሰው ነበሩ። ይህን በማለቴ ግትር ሽማግሌ ትይኝ ይሆናል። በይ።

በላክሽው የትርኢት ጽሑፍ ላይ ሰልፉ ማክሰኞ ነው ብለሻል። ሰኞ ነው። በ1964 አንድ ሰኞ ጠዋት ሁለት መቶ ጥቁር ሰው በመራጭነት ለመመዝገብ ወደ ፍርድ ቤቱ በእግሩ ሄደ። የአውራጃው ሸሪፍ በዱላ እንደሚጠብቀን አስቀድሞ ዝቶ ስለነበር እሑድ ከሰዓት ቤተ ክርስቲያኑ የፈራ ሰው ሞልቶት ነበር። ቄሱ «ጫማዬን አድርጌያለሁ» ያሉት ያን ጊዜ ነው። «ወገኖቼ» ግን አላሉም፤ «ወንድሞችና እህቶች» ነው ያሉት። በ1980 ያሳተምኩትን መጽሐፍ እንደገና አንብቢው። ሌላ የታተመ ቅጂ የለም። መግቢያው ላይ «አንዲት ቃል አልተጨመረችም፣ አንዲት ቃልም አልተቀነሰችም» ይላል። እኔ ነኝ የጻፍኩት።

ጊዜም የለኝም። እዚህ ያለው ኮሚቴ ለሃምሳ አምስተኛው ዓመት በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የሚቆመውን ድንጋይ እንድጠርብ ሰጥቶኛል። የሚመረቀው ሜይ 18 ነው። ሥራዬ የመቃብር ድንጋይ ቀረጻ ነው። ከሦስተኛ ክፍል ስለወጣሁ ፊደል የለየሁት ከሙታን ስም ላይ ነው። ድንጋዩ ላይ «ጫማዬን አድርጌያለሁ» የምትለው ዓረፍተ ነገር፣ ከሥሯም የአያትሽ ስም ይሰፍራል።

አክባሪሽ
ለሙኤል ሃርግሮቭ


ቺካጎ
ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2019

ለተከበሩ ሚስተር ሃርግሮቭ

ጤና ይስጥልኝ። «አይሆንም» ያሉበትን ደብዳቤ አምስት ጊዜ አነበብኩት። አምስቱንም ጊዜ አይሆንም ነው የሚለው።

ስለ ማክሰኞው ይቅርታ። ስለ «ወገኖቼ»ም ይቅርታ። ሴት ስለመሆኔ ግን ይቅርታ የምጠይቀው ማንን እንደሆነ ስላላወቅሁ ዘልዬዋለሁ። ጢም አልለጥፍም፤ በዚህ እንኳ ተስማምተናል።

ቲያትር ቤታችን ድሮ የሶፋ መሸጫ ነበር፤ ሁለት መቶ ሰው ይይዛል። መክፈቻው ጁን 14 ነው። የትርኢቱ ስም «ጫማዬን አድርጌያለሁ» ይባላል። አዳራሹን የሚሞሉት እንደ እኔ ስለ አያቴ ሲወራ ብቻ የሰሙ ልጆች ናቸው። እኔም አያቴን በዓይኔ አይቻቸው አላውቅም። እሳቸውን በአካል የሚያውቅና መልስ የሚጽፍልኝ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት፤ የሚጽፉት ስድብ ቢሆንም።

ስለ እናቴ ስለጠየቁኝ አመሰግናለሁ።

በሌላ ወረቀት ላይ ጥያቄዎቼን ጽፌ ልኬያለሁ። አይሆንም ማለት ከፈለጉ በእያንዳንዱ ጥያቄ ሥር ለየብቻ ይጻፉልኝ።

ቨርሊን


ታልበርት
ማርች 3 ቀን 2019

ወይዘሪት ቨርሊን

አሁንም አይሆንም። ግን ተጠይቆ አለመመለስ ብልግና ነው።

እጃቸውን አያወራጩም ነበር። ግራ እጃቸው አትሮንሱን እንደያዘ ይቆያል፤ አንድ ጣታቸው በወጣትነታቸው መጋዝ ቤት ተሰብሮ ስለነበር ሰው ፊት አይዘረጉትም። አንቺ ጣትሽ ደህና ከሆነ አስመስለሽ አታጥፊው፤ እጅሽን ብቻ አሳርፊ። ሲጀምሩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው። ከኋላ ያለው ሰው ጎረቤቱን «ምን አሉ?» ብሎ እስኪጠይቅ ድረስ። አንቺ በላክሽልኝ የትርኢት ጽሑፍ ግን ከመጀመሪያው ቃል ጎን «በጩኸት» ይላል። ከታች ካልጀመርሽ የምትወጪው ወዴት ነው?

ውሃ መድረክ ላይ አይጠጡም ነበር። መነጽራቸው ለማንበብ ብቻ ነው፤ ሲያወልቁት ሰዉ ወረቀቱ እንዳለቀ ያውቃል። አዎ፣ ይቀልዱ ነበር። አይ፣ አያለቅሱም። «ዛሬ ቢኖሩ ምን ይሉ ነበር» ያልሽውን ግን አልመልስም፤ የሞተ ሰው አፍ ውስጥ ቃል አላስገባም።

ከሰዉ «አሜን» ባይመጣ ምን ላድርግ ብለሻል። ይህ ትልቅ ጥያቄ ነው፤ በእርግጥም አይመጣልሽም። እኛ ቤት ሰባኪ ብቻውን አይሰብክም፤ ሰዉ ይመልስለታል፣ እሱም በመልሱ ላይ ይራመዳል። ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ግን ሰዉ እጁን አጣጥፎ እንደ ጥርስ ሐኪም ወረፋ ነው የሚቀመጠው። ያን ጊዜ የሰዉን ቦታ በትንፋሽሽ ሙዪው። ሦስት ቁጠሪና ቀጥዪ።

ስለ ዶረቲ አንድ መስመር ብቻ ጻፍሽ። ታማለች እንዴ?

ድንጋዩ መጥቷል። ግራጫ ነው፣ ጥሩ ድንጋይ ነው። ነገ መሮ አነሳለሁ። ይህን ስጽፍ እንኳ ሦስት ጊዜ ተነስቼ አይቼው መጣሁ።

ለሙኤል ሃርግሮቭ


ቺካጎ
ማርች 14 ቀን 2019

ለተከበሩ ሚስተር ሃርግሮቭ

አሥር ጥያቄ ልኬ፣ «አልመልስም» ያሉትንም ቆጥሬ፣ ዘጠኝ መልስ አገኘሁ። አራተኛውን ዘለሉት። ረስተውት ከሆነ እደግመዋለሁ፤ ሆን ብለውም ከሆነ እደግመዋለሁ።

በመጽሐፍዎ ገጽ 14 ላይ «ጫማዬን አድርጌያለሁ» ከሚለው ቀጥሎ በቅንፍ «ሳቅ» ይላል። ትናንት ልምምድ ላይ እንዳሉኝ ከታች ጀምሬ፣ እጄን አሳርፌ እዚያ ደረስኩና እንደ ነጎድጓድ አልኩት። ሰዉ አጨበጨበ። አንድም ሰው አልሳቀም። አዘጋጃችን ማርከስ መጽሐፉን ገለጥ አደረገና፦

«ቨርሊን፣ የቱ ላይ ነው የሚያስቀው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ!»

«አያትሽ ቄስ ናቸው አይደል? ፎቶአቸውን አይቻለሁ፣ ጫማቸው ፊት ያሳያል። ጫማ ሳያደርጉ የወጡበት ቀን አለ እንዴ? ማነው ታዲያ 'ጫማዬን አድርጌያለሁ' ብሎ ሰው የሚያስቅ? ምነው፣ ሱሪዬንም ታጥቄያለሁ አይሉም ነበር?»

ሁላችንም ሳቅን፤ ግን በአያቴ ሳይሆን በማርከስ። ሌሊቱን ሙሉ ነገሩ አልለቀቀኝም። ለምን ነበር የሳቁት?

ሌላም ነገር አለ። እናቴ ኖቬምበር ላይ አርፋለች። አልነገርኩዎትም፤ ከነገርኩዎ በኋላ እሺ ቢሉኝ ለኀዘኔ ብለው ይመስለኝ ነበር። እሺ ስላላሉኝ አሁን መናገር እችላለሁ። ሳጥኗን ስፈትሽ ትልቅ የድሮ ቴፕ አገኘሁ። በሴት አያቴ እጅ ጽሑፍ «ኒው ገለዓድ፣ እሑድ ከሰዓት» ተብሎ ተጽፎበታል። ሬዲዮ ጣቢያ የሚሠራ አንድ ጓደኛዬ ማጫወቻው አለው። ያ እሑድ ይመስለኛል። ያስቡት እንጂ፣ ድምፃቸውን ልሰማ ነው!

ቨርሊን


ታልበርት
ማርች 19 ቀን 2019

ቨርሊን

ስለ ዶረቲ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ይህን ከልቤ እላለሁ፤ ቀጥዬ ለምጽፈው ግን ይቅርታ አድርጊልኝ።

ቴፑን አታጫውቺው። ያረጀ ቴፕ አንዴ ከዞረ ይበጣጠሳል። ሬዲዮ ጣቢያ ያለው ልጅ አይነካው። በወፍራም ካርቶን ጠቅልለሽ ለእኔ ላኪልኝ፤ እዚህ የሚያውቅ ሰው አለ።

ለሙኤል


ታልበርት
ማርች 20 ቀን 2019

ቨርሊን

የትናንቱ ሳይደርስሽ ይህን እጽፋለሁ። እዚህ የሚያውቅ ሰው የለም። እሱን ማስተካከል ፈልጌ ነው። ቴፑን ግን አትስሚው። የሚያስፈልግሽ ሁሉ መጽሐፉ ውስጥ አለ።

ድንጋዩ ላይ «ጫማዬን» የሚለውን ቆርጬ ጨርሻለሁ። ከጠዋት ጀምሮ ግን መሮውን አልነካሁትም። ሁለት ጊዜ ወደ ፖስታ ቤት ሄጄ ተመልሻለሁ።

ለሙኤል


ቺካጎ
ኤፕሪል 2 ቀን 2019

ለተከበሩ ሚስተር ሃርግሮቭ

ደብዳቤዎችዎ የደረሱኝ ከሰማሁት በኋላ ነው። ቀድመው ቢደርሱኝም እሰማው ነበር።

አያቴ ከወረቀት ሲያነቡ ይሰማል። እንዲህ ይላሉ፦ «ወንድሞችና እህቶች፣ ዳኛው ስለ ምዝገባው መልስ እስኪሰጡን አንድ ሳምንት እንጠብቅ።» እንጠብቅ! መጽሐፍዎ ውስጥ ይህ የለም። ከዚያ ዝምታ ሆነ። ከዚያ ራቅ ካለ ቦታ የሴት ድምፅ መጣ። በጣም ዝቅ ያለ ስለነበረ አራት ጊዜ አስደግመን ነው የለየነው። «ቄስ፣ እኔ እንደሆነ ዛሬ ጫማዬን አድርጌያለሁ።» ያን ጊዜ ቤተ ክርስቲያኑ በሳቅ ፈረሰ። አያቴም ሳቁ። «እህት አይዴላ፣ እስቲ ድገሚው» አሉ። ወረቀት ሲታጠፍ ይሰማል። ከዚያ «እንግዲያው ነገ ጠዋት» አሉ።

አንድ ቀን ሙሉ ተናደድኩብዎ። በሁለተኛው ቀን ግን ማሰብ ጀመርኩ።

ይህን ከእኔና ከሬዲዮው ልጅ በቀር የሰማ የለም፤ እሱ ደግሞ የስፖርት ፕሮግራም ሠራተኛ ነው፣ ምን እንደሰማ አልገባውም። ፖስተራችን ተሰቅሏል። የአያቴ ፊትና ያቺ ዓረፍተ ነገር ናቸው ያሉበት። «አንድ ሳምንት እንጠብቅ» ያሉ ሰው ናቸው ብዬ ልጆቹ ፊት ልቁም? አያቴም አርፈዋል፣ ሴትየዋም መቼም በሕይወት የሉም። የእርስዎ አርባ ሦስት ዓመትም አለ። ቴፑን ወደ ሳጥኑ መልሼዋለሁ። እርስዎ ድንጋይዎን ይጨርሱ፣ እኔም ትርኢቴን እጨርሳለሁ። ከእንግዲህ ስለ አራተኛው ጥያቄ አልጠይቅዎትም።

ቨርሊን


ታልበርት
ኤፕሪል 8 ቀን 2019

ቨርሊን

እንድትሰድቢኝ እየጠበቅሁ ነበር። ስድብ ቢሆን መልስ አዘጋጅቼለት ነበር። አንቺ ግን ልትረጂኝ መጣሽ። ስለዚህ አራተኛውን ጥያቄ እመልሳለሁ።

እህት አይዴላ ስታምፕስ ልብስ አጣቢ ነበረች። ቀኑን ሙሉ በገንዳ አጠገብ ስለምትቆም እግሮቿ እንደ ሊጥ ያብጡ ነበር። ቤተ ክርስቲያን የምትመጣው በሟች ባሏ ፊቱ ዝግ የቤት ነጠላ ጫማ ነው፤ ጣቶቿ እንዲወጡ ፊቱን በቢላ ቆርጣዋለች። ከሕፃን እስከ ሽማግሌ ኒው ገለዓድ ሁሉ ያንን ነጠላ ጫማ ያውቀዋል። በመተላለፊያው ሾጥ ሾጥ እያለች ስትመጣ መዘምራኑ እንኳ ይጠብቋታል። ያን እሑድ ግን እውነተኛ ጫማ አድርጋ መጣች፤ ጥቁር፣ ባለ ማሰሪያ። እግሯን እንዴት እንዳስገባችው እሷና እግዚአብሔር ያውቃሉ። ቄሱ አንድ ሳምንት እንጠብቅ ሲሉ ያንን ተናገረች። እኔ በጎን በር፣ ከወንበሯ አጠገብ ቆሜ ነበር። ዛሬ ያደረግሁትን ጫማ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሜ አላደርገውም ማለቷ ነበር። ሰዉ የሳቀው ለዚያ ነው። ስቆ ሲጨርስ ፍርሃቱን የት እንዳስቀመጠው ጠፋው። በማግስቱ ሄድን። እኔ ሁለት ጥርሴን ፍርድ ቤቱ ደረጃ ላይ ትቼ መጣሁ።

በ1976 ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀርበው በሐቅ ነበር የጀመርኩት። «እንጠብቅ» አልኩ፤ «አንዲት እህት እንዲህ አለች» አልኩ። ልጆቹ አላወቋትም፣ ነጠላ ጫማዋን አላዩም፤ ዓይናቸውን ብቻ አንከባለሉ። ንግግሩ እዚያ ቦታ ላይ እየሞተ አስቸገረኝ። በርሚንግሃም በሁለት ሺህ ሰው ፊት ስቆም ግን «እንጠብቅ»ን ዋጥኩትና ቃሏን በቄሱ ድምፅ አድርጌ ጮኽኩት። አዳራሹ ብድግ አለ። ያንን ጭብጨባ ከሰማሁ በኋላ ወደ ኋላ መመለስ አቃተኝ። መጽሐፉን ሳሳትም ዓረፍተ ነገሩን ለቄሱ ሰጠሁ። ሳቁን ግን መቁረጥ አልሆነልኝም፤ ሰምቼው ነበርና። በቅንፍ ተውኩት።

ከዚህ የባሰ አለ። በ1991 ሞቢል ውስጥ ካልቪን የሚባል አስተማሪ ንግግሩን ሲያቀርብ አንዲት ቃል ለወጠ። ሰው ፊት ተነስቼ «አንተ ማን ነህና የሙት ቃል ትለውጣለህ?» አልኩት። ከዚያ ወዲህ አቅርቦ አያውቅም።

አሁን ወደ ሐሳብሽ ልምጣ። ቴፑን በሳጥን እንዝጋው ብለሻል። እኔ ብቻዬን ዋሽቼ ኖሬአለሁ፤ በማኅበር አልዋሽም። አያትሽን ታሳንሻቸዋለሽ ብለሽ አትፍሪ። ከመድረክ ላይ ሆኖ ሐሳቡን ለውጦ ወረቀቱን ያጠፈ ሰው እምብዛም አላየሁም።

ድንጋዩ ላይ «ክሬንሾ» ተቆርጦ አልቋል። ድንጋይ ላይ ስህተት አይሰረዝም፤ ፊቱን በሙሉ እስከ ፊደሉ ሥር ፈጭቶ ዝቅ ማድረግ ነው። ዛሬ ጀምሬዋለሁ።

ለሙኤል ሃርግሮቭ


ታልበርት
ኤፕሪል 22 ቀን 2019

ቨርሊን

የላክሽው አንድ መስመር ስድብ ደርሶኛል። እንደዚያ ያለ ቃል የተማረ ሰው በፖስታ ይልካል ብዬ አላስብም ነበር፤ ግን የተቆጣሽበት ምክንያት ስላለሽ ተቀብዬዋለሁ። ፖስተር ወረቀት ነው፣ ይቀደዳል። ድንጋይ ፈጭቼ እጄ ስላበጠ ጽሑፌ ቢጣመምብሽ ይቅርታ።

ኦፓል ጋ ሄጄ ነበር። ኦፓል የእህት አይዴላ ልጅ ናት፤ ሰባ አራት ዓመቷ ነው። በየዓመቱ ሳቀርብ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ስትሰማኝ ኖራለች። በረንዳዋ ላይ አተር ትፈለፍል ነበር። ባርኔጣዬን አወለቅሁ።

«ምን ሆነሃል ለሙኤል? ሰው ሞተ?»

«አልሞተም። ኦፓል፣ ያቺን ቃል ያለችው እናትሽ ናት።»

አተሯን መፈልፈል አላቆመችም። «ይህን ልትነግረኝ ነው በዚህ ፀሐይ የመጣኸው?»

«ታውቂ ነበር?»

«አጠገቧ ተቀምጬ ነበር እኮ! ማሰሪያውን ያሰርኩላት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ለምን ዝም አልሽ?»

«ማን ጠየቀኝ?» አለች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «ደግሞ አንድም ቀን በትክክል ብለኸው አታውቅም። እንደ ጨረታ አጫራች ትጮኸዋለህ። እናቴ አልጮኸችም። ለራሷ ነው ያለችው፤ ቤቱ ጭጭ ብሎ ስለነበር ቄሱም ሰዉም ሰሙት እንጂ።»

የጫማውን መጨረሻ ጠየቅኋት። ከፍርድ ቤት ሲመለሱ እግሯ አልወጣ ብሎ በመቀስ ቀድደው ነው ያወጡት። ጫማው ከዚያ በኋላ ለምንም አልሆነም። ይህን አላውቅም ነበር። በዚያች ቃል አርባ ሦስት ዓመት ስኖር ስለ እግሯ ጠይቄ አላውቅም።

በበዓሉ ዕለት ተነስተሽ ቃሏን ትያለሽ ወይ አልኳት። «ሰው ፊት ቆሜ እናቴን ሆኜ አልጫወትም» አለች። ትመጪያለሽ ወይ ስላት «የኮክ ኬክ ካለ እመጣለሁ» አለች። አተሩንም አብረን ጨረስነው።

ከዚያ ወደ ኮሚቴው ሄጄ ድንጋዩ ላይ የሚጻፈው የአይዴላ ስታምፕስ ስም ነው አልኳቸው። ፓስተሩ ትሑት ወጣት ነው፤ «ዲያቆን ሃርግሮቭ፣ በዓሉ ይለፍና እንነጋገርበት፤ እንጠብቅ» አለኝ። አንድ ሳምንት እንኳ አላለም። ቴፑ ያለው አንቺ ጋ ነው። እንድትልኪው አላዝሽም።

ለሙኤል


ታልበርት
ሜይ 28 ቀን 2019

ለልጄ ለቨርሊን

አልመጣሽም። አልወቅስሽም። ቴፑ ግን ከበዓሉ በፊት ሐሙስ ዕለት በወፍራም ካርቶን ተጠቅልሎ ደረሰኝ፤ ያለ ደብዳቤ ቢሆንም ገብቶኛል፤ እዚህ ማጫወቻ ስለሌለ ግን ለሰዉ ላሰማው አልቻልኩም። ትናንት ደግሞ ደብዳቤሽ መጣ። በበዓሉ ዕለት ሽማግሌው መድረክ ላይ አእምሮውን ሳተ ብለው የነገሩሽ ሰዎች እነማን እንደሆኑ አውቃለሁ። አልሳትኩም።

«አንድ ሳምንት እንጠብቅ» አልኩ። ሰምተውት ስለማያውቁ አጉረመረሙ። ከዚያ አፌን ዘጋሁ። ሦስት አልቆጠርኩም፤ ምንም አልቆጠርኩም። ሰባኪ ቃል ጠፍቶበት ሲሰምጥ የጎን ወንበር ሴቶች ምን እንደሚሉ አንቺም ታውቂያለሽ። በሕይወቴ ተብሎልኝ አያውቅም ነበር። «ጌታ ሆይ እርዳው» አለች አንዷ። «እርዳው ጌታዬ» አለች ሁለተኛዋ። አንድ ሰው ውሃ ይዞ ብቅ አለ፤ በእጄ መለስኩት።

ከዚያ ተናገርኩ። እዚህ ቦታ ላይ የተናገረችው እህት አይዴላ ስታምፕስ ናት፣ እኔ ቃሏን ከአፏ ወስጄ ለሌላ ሰው ሰጥቻለሁ፣ ካልቪንንም በከንቱ አዋርጄዋለሁ አልኩ። ፓስተሩ ደንግጦ ለመዘምራኑ ምልክት ሰጠ፤ እነሱም ተነስተው ድምፄን በመዝሙር ሸፈኑት። ኦፓል ከሦስተኛው ረድፍ ተነሳች። «መዝሙሩን ያዙልኝ፣ ሰውየው አልጨረሰም!» አለች። ዝም አሉ። ወደ ሰዉ ዞረችና «እናቴ ናት» አለች። ተቀመጠች። ከዚህ በላይ አላለችም።

ማንም አላጨበጨበም፣ ማንም አልሳቀም። የቀረውን ንግግር ጨርሼ ወረድኩ። የኮሚቴው ሰዎች ሰላም ሳይሉኝ ሄዱ። የሚመጣው ዓመት ሌላ ሰው እንደሚያቀርብ በማግስቱ በደብዳቤ አሳወቁኝ፤ በደብዳቤ ማድረጋቸው ደግ ነው። ድንጋዩ አልተተከለም፤ ሴፕቴምበር ላይ ይሰበሰባሉ ተብሏል። በግቢዬ በሸራ ተሸፍኖ ቆሟል። አንድ ጣት ያህል ቀጥኗል፣ ስሟ ግን ጥልቅ ሆኖ ገብቷል። ለካልቪን ጽፌለታለሁ። እስካሁን አልመለሰልኝም፤ ላይመልስም ይችላል። እንቅልፍ አልያዘኝም፣ ግን ድሮም እንቅልፋም አይደለሁም።

ትርኢቱን አልሰረዝኩም፣ እዚያ ቦታ ስደርስ ምን ላድርግ ብለሽ ጠይቀሻል። እንግዲህ ስሚኝ። ሰዉ ያልሳቀው ስለማያውቃት ነው፤ እኔም እሷን ሳላሳውቅ ቃሏን ብቻ ነው ይዤ የዞርኩት። ስለዚህ ከአያትሽ አትጀምሪ። ከነጠላ ጫማው ጀምሪ። በመተላለፊያው አሳልፊው፣ ሰዉ ይስማው፣ ይሳቅበት። ከዚያ በኋላ አያትሽን ሁኚ። አዎ፣ አንቺ ሁኛቸው። የሳቱበትንም አንብቢ፤ «እንጠብቅ» ስትይ አምነሽበት በይው፣ እሳቸው አምነውበት ነበርና።

አይዴላን የምትሆን ተዋናይ አትቅጠሪ። ከሰፈራችሁ አንዲት ሴት ፈልጊ፣ ቆማ ስትሠራ የምትውል ሴት፣ ከሰዉ መሃል ትቀመጥ። የት እንደተቀመጠች አንቺም አትወቂ። ዝቅ አድርጋ ትበለው። ቦታው ሲደርስ መነጽርሽን አውልቂና ጠብቂ። ዝም ካለች አትጠቁሚያት፣ ቃሉንም አንቺ አትበይላት፤ እኔ ያደረግሁት እሱን ነው። ብትፈራና ጨርሶ ባትናገርስ ብለሽ ትጨነቂ ይሆናል። ካልተናገረች መብራቱን አብሪና ሰዉን ወደ ቤቱ ላኪው። ያን እሑድ እሷ ባትናገር ኖሮ እኛም ወደ ቤታችን ነበር የምንሄደው።

ለሙኤል ሃርግሮቭ